ጋሼ ወደ አጃ ወረዱ

አጃን ወደው የሚበሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። በዐይኔ አላየኋቸውም እንጂ መኖራቸውን አልክድም። ከእነሱ ጋርም ጠብ የለኝም። እኔ የማጫውታችሁ አጃን በፍቅር ሳይሆን በትእዛዝ ስለበላ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከደሜ ነው። በአንድ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል፣ መጋዝና መላጊያ ከእጄ ስለማይጠፋ፣ ራሴን እንደ ዋንዛ ግንድ ጤነኛ አድርጌ ነበር የምቆጥር። አንድ ሰሞን ማዞር ቢጤ ሞከረኝና ባለቤቴ ውባለም ክንዴን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ በዕድሜ ከልጄ የማትርቅ፣ ለስላሳ ሴት ናት። ደሜን አስመረመረች፤ ውጤቱን አየች፤ ከዚያ እኔን ትታ ውባለምን አየቻት። ሐኪም ታማሚውን ትቶ ሚስቱን ካየ ነገሩ የጓዳ ጉዳይ እንደሆነ ያን ዕለት ተማርሁ።

"የደም ቅባታቸው ከፍ ብሏል" አለቻት። "ቅቤ፣ ጮማ፣ ጠላ ይቅርባቸው። ጠዋት ጠዋት አጃ ቢበሉ ጥሩ ነው።"

"ለስንት ቀን ነው?" አልሁ፤ እንደ ኪኒን መስሎኝ።

"በየቀኑ ነው።"

"እስከ መቼ?"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "ይለምዱታል" አለችኝ።

ልብ በሉልኝ። እኔ የጠየቅሁ እስከ መቼ ብየ ነው። እሷ የመለሰችልኝ ይለምዱታል ብላ ነው። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ የእስር ቤት ዘበኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የተወለድሁት ቡሬ ነው። በእኛ አገር አጃ አይታወቅም አልልም። እንግዶ የምንለው ዘመድ አለው፤ ጠላ ይጠመቅበታል፣ ከሌላ እህል ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ የተረፈው ለከብት ነው። ስለዚህ ውባለም ከሱቅ በካርቶን የታሸገ፣ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ የተዳመጠ አጃ ገዝታ ስትገባ፣ በዐይነ ልቡናየ የመጣብኝ የአጎቴ ቦራ ፈረስ ነው። ፈረሱ እንኳ ከድርቆሽ ጋር ሲያቀርቡለት ነበር የሚበላ።

አጃ ዝም ያለ ምግብ ነው። ሽሮ ከምድጃው ጀምሮ ያወራል። በርበሬ ይሳደባል። ጎመን እንኳ ጥርስ መካከል ገብቶ እስከ ማታ ያስታውሳችኋል። አጃ ግን አይደግፍም፣ አይቃወምም። አፍ ውስጥ ገብቶ "እንግዲህ ምን እናድርግ?" ብሎ ይጠብቃል። ብትውጡት ይዋጣል፤ ባትውጡት እዚያው ይቀመጣል። ውሳኔው የናንተ ነው። እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ ውሳኔ መስጠት አልወድም።

ውባለም የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ሕፃን ሁሉ ምሳውን ሳይጨርስ ከወንበር አለማስነሣት የተመሰገነችበት ሙያዋ ነው። ያንን ሙያ ወደ ቤት አመጣችው። ራሷ ፍርፍሯን ጓዳ በልታ፣ አፏን አብሳ ትመጣና አጠገቤ ትቆማለች። የፍርፍሩ ሽታ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። "አይዞህ፤ ትንሽ ናት የቀረችህ። በል ይችን ብቻ" ትለኛለች። እኔ ይችን ብቻ እውጣለሁ፤ ሌላ ይችን ብቻ ትመጣለች።

መሸሻ ፈለግሁ። የአጃ ክፋቱ የጾምም የፍስክም መሆኑ ነው፤ በውኃ ከተሠራ ማንም ቄስ አይከለክለውም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለጾመ ሰው ግን ቁርስ የሚባል ነገር የለም። ድሮ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እጁን የሚታጠብ ሰው እስከ ዘጠኝ መጾም ጀመርሁ። ረቡዕና ዓርብ ሲያልቁብኝ ቄሶች እንኳ በፈቃዳቸው ብቻ የሚጾሟቸውን ጾሞች ጨመርሁ። የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው ተደሰቱ። "እግዚአብሔር ልቡን መለሰለት" አሏት ውባለምን።

"አይ አባ" አለቻቸው። "ከአጃ ተጣልቶ ነው እንጂ።"

ከዚያ ወዲህ ጾሜን ልገድፍ ከሥራ ስገባ፣ አጃው በሳህን ተከድኖ ይጠብቀኝ ጀመር። ጾም ጸሎቴ ሁሉ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር አጃውን ያስቻለኝ የልጄ የማህደር ነገር ነው። ማህደር አንድ ልጃችን ናት። ፋብሪካ ትሠራለች፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ስቃየን ለጥቂት ቀን ቆማ አየችና አንድ ጠዋት የራሷን ሳህን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። "አባየ ብቻውን አይበላም" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳህን ሆነ።

ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ከልጄ ጋር የማወራ ሰው አልነበርሁም። እሷ የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት ትሮጣለች፤ እኔ ለክፍል እሮጣለሁ። አጃ ግን ትኩስ ነው፤ እፍ እያሉ ነው የሚበላ። እፍ ስንል ወሬ ይመጣል። የፋብሪካውን ሰው ሁሉ በስም አወቅሁት። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው አለቃ ሲቆጣ እንደሚንተባተብ፣ ማን የማንን ምሳ እንደሚሰርቅ፣ ሁሉንም ከአጃው ጋር ዋጥሁት። ቢኒያም የሚባል ልጅ በወሬዋ መካከል ቶሎ ቶሎ ብቅ እንደሚልም ልብ ብያለሁ።

ቢኒያምን አውቀዋለሁ። አልፎ አልፎ ማህደርን እስከ በራችን ይሸኛት ነበር። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ጎንበስ ይል ነበር። እንዲህ ጎንበስ የሚል ወጣት አንድ ነገር ሊወስድባችሁ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ባሰበ ቁጥር "ማህደር ሁለተኛ ዲግሪዋን ሳትይዝ ሽማግሌ የሚባል በሬን እንዳይረግጥ" እያልሁ በውባለም በኩል አስመልሰው ነበር። በዚህ መካከል ልጁ አገሩ ጎርጎራ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ጎርጎራ ማለት ከእኛ ከተማ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ ነው። እኔም በልቤ ውኃ ተከለለልኝ ብየ አረፍሁ።

ወደ መከራው ልምጣላችሁ።

አንድ ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ራሴን በውባለም ነጠላ ጠምጥሜ፣ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ማህደር ቀደም ብላ ወጥታለች። ውባለም ከጎኔ ቆማ "አይዞህ፣ ዋጠው፣ ትንሽ ናት" ትለኛለች። በዚህ መካከል ጎረቤታችን እትየ ጥሩየ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ወንፊቱን ደረቷ ላይ አቅፋ አየችኝ። እኔም ማንኪያውን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ አየኋት። ቃል ለመናገር ብሞክር ጉንፋኑ ድምፄን ወስዶታል፤ የወጣው ማቃሰት ነው።

"ምን ሆኖብሽ ነው?" አለቻት ውባለምን በሹክሹክታ።

ውባለም ሥራ ረፍዶባታል። "ሐኪም አዝዞለት ነው። ከአጃ በቀር ጠዋት አንድ ነገር አይቀምስም" አለችና ወንፊቱን ተቀበለቻት።

ይህ ቃል በሙሉ እውነት ነው። ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው፤ ውሸት ቢሆን እናስተባብለው ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም በደረጃ ነው የሚወርድ። ከእንጀራ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚት ወደ ጠበል፤ ከዚያ በታች ያለውን ታውቁታላችሁ። እትየ ጥሩየ ከበራችን ስትወጣ "ጋሼ ወደ አጃ ወረዱ" አለች አሉ። ያች ቃል ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሰፈራችንን ዓባይ ማዶን በእግሯ ዞረችው።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ያየሁት ሰው ሁሉ እንዳከበረኝ ብቻ ነው። ስወጣ ስገባ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ይነሡልኛል። ወደ ሥራ የሚያደርሰኝ ባለ ባጃጅ ሌላ ጊዜ ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለ ከጣራው ጋር የሚያጋጨኝ ሰው ነው። ያን ሰሞን ግን የዓባይን ድልድይ ሲሻገር እንደ ሬሳ መኪና መንቀርፈፍ አመጣ። አንድ የአህያ ጋሪ ቀደመን።

"ምነው ነዳጅ ጨረስህ?" አልሁት።

"አይ ጋሼ" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። "እንዳይነቀንቅዎት ብየ ነው። ቀስ ብለን እንደርሳለን።"

አጃው ግርማ ሞገስ ሰጠኝ አልሁ በልቤ። ሸንቀጥ ብያለሁ፤ ቀበቶየ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መስታወት ፊት ስቆም እንደ ሹም ነው የምታይ። ቀን በቀን ትከሻየን ነፋ እያደረግሁ መሄድ ጀመርሁ። በኋላ ሲነግሩኝ ሰው ያንን አይቶ "ሕመሙ ወደ ትከሻው ወጣ፤ ለመተንፈስ ተቸገረ" ይል ነበር።

ኮሌጅም እንዲሁ ነው። ለተማሪዎቼ የልብስ ሣጥን ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ "ጋሼ፣ ርዝመቱን ስንት እናድርገው?" ብሎ ሲጠይቀኝ አጠገቡ ያሉት በክርናቸው ጎሸሙት። ልጁ ደንግጦ "ምንም አይደል ጋሼ፣ ራሳችን እንገምታለን" አለ። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼ መምህራቸውን ላለማድከም መጨነቃቸው ነው ብየ ልቤ ተነካ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተገኘ መጡ። ሳይጠሩ የማይመጡ ሰው ናቸው። ጤናየን ጠየቁ፤ ደኅና ነኝ አልሁ። "ተመስገን ነው፤ ሁሉም ለበጎ ነው" አሉና ግቢውን ይዞሩት ጀመር። ከበሩ እስከ ውኃ ጉድጓዱ በእርምጃ ሄዱ። ቆም ብለው አሰቡ። ከጉድጓዱ እስከ አጥሩ ደግሞ ሄዱ።

"ግቢያችሁ ሰፊ ነው" አሉኝ።

"እሱ ይመስገን።"

"ድንኳኑም አዲስ ነው። ዝናብ አያስገባም። ስለሱ ሐሳብ አይግባዎት።"

"ለማን ነው ድንኳኑ?"

ጋሽ ተገኘ ትከሻየን ያዝ አደረጉኝ። "ለማንም ይሁን። ሰው አይደለን" አሉና ዐይናቸውን ጠረግ አድርገው ወጡ። አንዱ ጎረቤት ድግስ ኖሮበት ግቢየን ሊዋሱኝ ነው ብየ ገመትሁ። ውባለምንም "ሲጠይቁን እንዳትከለክያቸው" አልኋት። እንዲህ ያለ ቂል ሰው ዓባይ ማዶ አይታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። እኔና ማህደር አጃችንን እፍ እንላለን። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው በሩን አንኳኩ። ውባለም ገብተው እንዲቀመጡ ወንበር አቀረበች፤ አልቀመጥ አሉ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የመጡ መሰለኝና ልነሣ ስል መካከል የቆሙት፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ረጅም ሰው፣ እጃቸውን ዘረጉ።

"አይነሡ፤ ይደክምዎታል" አሉ። "እኛ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። አየልኝ እባላለሁ። ከጎርጎራ ነው የመጣን። የቢኒያም አባት ነኝ።"

የማህደር ማንኪያ ከሳህኗ ጋር ተጋጨ።

ጋሽ አየልኝ ቀጠሉ። "ልጆቹ ይዋደዳሉ፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ትማር ብለዋል ሲሉን አክብረን ቁጭ ብለን ነበር። አሁን ግን ነገሩን ስንሰማ፣ ሰው ያስባል እግዚአብሔር ይፈጽማል፣ አልን። አባት ቆሞ ሳለ ልጁን ቢመርቅ ለእሱ ዕረፍት ነው፤ ለእሷም ስንቅ ይሆናታል ብለን ነው በጀልባ የመጣን።"

በቀኛቸው ያሉት፣ መቋሚያ የመሰለ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መቼም ሁላችን ሂያጆች ነን" አሉ።

"የት ነው የምንሄደው?" አልሁ።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ውባለም የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ያን ጊዜ ባጃጁ፣ ሣጥኑ፣ ድንኳኑ አንድ በአንድ እየመጡ ከፊቴ ተሰለፉ።

"እኔ እኮ አልታመምሁም" አልሁ።

"ይማርዎት" አሉ ሦስቱም ባንድነት።

"አጃ ነው የምበላው። ለደም ቅባት ነው።"

"አዎ፤ አጃውን ሰምተናል" አሉ ጋሽ አየልኝ በሐዘን። ባለ ከዘራው ጠጋ ብለው "ልጄ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እኛ እኮ ዘመድ ልንሆን ነው የመጣን፤ ከኛ አይደብቁ" አሉኝ።

ጤነኛ መሆኑን ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ታሞ መገኘት ይቀላል። ድምፄን ከፍ ሳደርግ "አይቆጡ፣ ያምዎታል" አሉኝ፤ ዝም ስል ተያዩ። ስነሣ ሊደግፉኝ መጡ። ትዕግሥቴ አለቀ። በቃሌ ካላመናችሁኝ በዐይናችሁ እዩ አልሁና ጋቢየን እንደለበስሁ ወደ ግቢ ወጣሁ። አጥራችን ሥር ማንጎ አለ፤ ከላዩ ቅርንጫፍ የበሰለ ፍሬ ተንጠልጥሏል። "ለእንግዶቼ ማንጎ ላውርድ" ብየ ወጣሁ።

መውጣቱስ ያምር ነበር። እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ እንደ ጎረምሳ ነው የወጣሁ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ታሪኩ በክብር ያልቅ ነበር። ሰው ግን ሲያዩት ልክ የለውም፤ ወደ ሁለተኛው አለፍሁ። ጋቢየ አንድ ጭራሮ ላይ ተያዘ፤ ላላቅቀው ስዞር እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቅርንጫፉ ሲጢጥ አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይናገራል ብየ የማስተምር እኔ ነኝ።

ከዚያ ከፍታ ከቤቶቹ ቆርቆሮ በላይ ሐይቁ ይታያል። ጎርጎራ በዚያ ማዶ ነው፤ አይታይም። የሚታየው ውኃ ብቻ ነው። ወደ ታች ሳይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተመርኩዘው አንጋጠዋል። ውባለም የወደቀ ሰው ልትቀበል እንደሆነ ሁሉ ነጠላዋን ዘርግታ ይዛለች። ማህደር እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሕፃን ሆና እኔ ጣራ ልጠግን ስወጣ ታየኝ እንደነበረው ታየኛለች።

"አባየ፣ ውረድ" አለችኝ።

"እየወረድሁ ነው" አልሁ። አልተንቀሳቀስሁም።

ጋሽ አየልኝ ጫማቸውን አወለቁ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ግን ሲኖሩ የኖሩት በጀልባ ላይ ነው፤ ከዛፉ ጋር ተጠጋግተው ምንም ሳይጣደፉ ወጡና ከእግሬ በታች ባለው መንታ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"እግርዎን ትከሻየ ላይ ያሳርፉ" አሉ። አሳረፍሁ። መንቀጥቀጡ በረድ አለልኝ።

"እውነት አልታመሙም?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እውነት አልታመምሁም።"

"ከሆነስ ልጁን ለምን ይህን ያህል አስመለሱት? ነውር አግኝተውበት ነው?"

ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ልናገር አፌን ከፈትሁ። ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ መዋሸት ግን ይከብዳል።

"ጠዋት ጠዋት አብራኝ ነው የምትበላ" አልሁ።

ጋሽ አየልኝ እግሬን በእጃቸው ደገፉ። "እኔም ሴት ልጄን ድሬ ወደ ዘጌ ልኬያለሁ" አሉ።

"ስትሄድ ምን አደረጉ?"

"ጀልባ ቀባሁ። ቀለም ያልጎደለውን ጀልባ ሁሉ ቀባሁ።"

"ከዚያስ? ቀለለዎት?"

"አልቀለለኝም። ጀልባዎቹ ግን አማሩ።"

እሺ አልሁ።

"ምኑ ነው እሺ?" አሉኝ ቀና ብለው። "እግሩ ነው ወይስ ልጅቱ?"

"ሁለቱም።"

ከታች ባለ ከዘራው ሽማግሌ ጆሯቸው ላይ እጃቸውን አድርገው "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁ።

"እሺ ብለዋል" አሉ ጋሽ አየልኝ ወደ ታች። "መሰላል ፈልጉ።"

የእንጨት ሥራ መምህር ቤት መሰላል አልተገኘም። ውባለም እትየ ጥሩየ ቤት ሮጠች። እትየ ጥሩየ መሰላሏን ከባሏ ጋር አንድ አንድ ጫፍ ይዘው ሲገቡ፣ ይሞታል ያለችውን ሰው ከነጋቢው ማንጎ ላይ አየችው። መሰላሉን ለቀቀችው። "ነፍሱ ልትወጣ ነው ስንል እሱ ራሱ ወጣ?" አለች። ከዚህ በቀር አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ባሏ እንደሚለው በሕይወቷ ዝም ያለችበት ቀን ያ ነው።

ጉልበቴ ከመላላጡ በቀር በሰላም ወረድሁ። ማንጎው እላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አሁን ተቀመጡ። እሺ የተባለ ሽማግሌ ደግሞ እህል ሳይቀምስ አይወጣም፤ ውባለም ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። ድንገት ስለመጡባት የሠራችው ነገር የለም። ቤት ውስጥ የበሰለው አጃ ብቻ ነው። በጎጃም ምድር ለልጁ ሽማግሌ አጃ ያቀረበ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሦስቱም በአክብሮት ማንኪያ አነሡ። ባለ ከዘራው አንድ ጎርሰው ቆዩ፤ ዋጡ፤ ከዚያ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ገና አሁን አዘንሁልዎት" አሉ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማህደር ጉልበቴን በለብ ያለ ውኃ ስታጥብልኝ ጠየቅኋት። ይሞታል የሚለው ወሬ እንዴት አድርጎ ሐይቁን ተሻገረ? አቀርቅራ እያጠበች መለሰችልኝ። ቢኒያም ስልክ ደውሎ "አባትሽ ምን ይበላሉ?" ብሏት ነበር። "አጃ" አለችው። "ሥጋስ?" ሲላት "ተከልክሏል"። "ጠላስ?" "ተከልክሏል"። "ከቤት ይወጣሉ?" "ሥራ ብቻ"።

"ደኅና ነው አላልሽውም?"

"አልጠየቀኝማ" አለች። ጉልበቴን በፎጣ ስታደርቅ ፊቷን አላየሁትም። ትከሻዋ ግን ሲስቅ አየሁት። ፎጣውን አጣጥፋ "ይከፋሃል አባየ?" አለችኝ።

"ይከፋኛል" አልኋት። "ሂጂ ብቻ።"

ሠርጉ በጥር ሆነ። ከጋሽ አየልኝ ጋር ተቃቅፈን ጨፈርን፤ እሳቸው እንደ ጎርጎራ፣ እኔ እንደ ዓባይ ማዶ። ዕድሩ ሁሉ ሲያየኝ "እንኳን ተረፉ" ይለኛል፤ እኔም ማስረዳት ትቼ "አብረን ይመስገን" እላለሁ። ከዚያ በፊት ደሜን ደግሜ ተመርምሬ ቅባቱ ወርዷል። ሐኪሟ ደስ ብሏት "ይቀጥሉበት" አለችኝ፤ ፍርዱ ጸና።

ሙሽሮቹ ወደ ጎርጎራ የተሻገሩ ዕለት እስከ ወደቡ ሸኘናቸው። በማግሥቱ ጠዋት ውባለም ከሠርጉ ድካም አልተነሣችም። ልቀስቅሳት አሰብሁና ተውሁ። ጓዳ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አጃውን በእጄ ሠራሁ። ውኃው አነሰ፤ ከሥሩ ያዘ፤ ማማሰያውን እንደ ሙጫ ሳበው። ገልብጨ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ነው እጄ ሁለት ሳህን ማውጣቱን ያየሁት።

ቁጭ ብየ ሁለተኛውን ሳህን አየዋለሁ። ውባለም ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ሳህኖቹን አየች፤ እኔን አየች። የማህደር ወንበር ላይ ተቀመጠችና ማንኪያ አነሣች።

ጎረሰች። አላመጠች። አጃ አይታኘክም፤ እሷ ግን አላወቀችም። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ይህ ነው?" አለችኝ።

"ይህ ነው።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ዛሬ ትንሽ አርሯል። እንጂ እንዲህ ነው።"

"ቀምሸው አላውቅም እኮ" አለች። ከሥራዋ ቀርታ፣ ፀጉሯ ሳይጎነጎን፣ ማንኪያውን ይዛ ሳህኑን አየችው። "ልጅቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ስትበላ ነበር?"

"አብራኝ ስትበላ ነበር።"

ውባለም ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም አጃውን እፍ እንል ነበር፤ ከቀዘቀዘ ግን ቆይቷል። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ክዳን ሲከፈት ሰማሁ፤ የትኛው ክዳን እንደሆነ ከሽታው አወቅሁት። በማንኪያ ጫፍ የተነጠረ ቅቤ ይዛ መጣች። ለእኔ ከሷ ያነሰ አደረገችልኝ፤ በርበሬም ነሰነሰችበት።

"ለዛሬ ብቻ" አለችኝ።

"ለዛሬ ብቻ" አልሁ፤ ወንበሬን ወደ እሷ ሳብ አድርጌ በላን።